መጽሐፉ የማን ነው?

ስለ ፍልስፍና፣ ስለ ቴአትርና ስለ ሥነ ግጥም በሚደረጉ ውይይቶች ዘወትር የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ሥራው የማን ነው?» የሚለው ነው። ጥያቄው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። በሽፋኑ ላይ የደራሲው ስም ታትሞ ሲገኝ ነገሩ ያለቀለት ነው ብሎ የሚያልፍ አንባቢ ብዙ ነው። ይሁንና የኢትዮጵያን የጽሑፍ ቅርስ ጠጋ ብሎ ለሚመረምር ሰው ይህ ጥያቄ ከፍልስፍና እስከ ሒስ ድረስ እየተከተለ የሚሞግት ነው። በአንዲት የጎጃም ከተማ ለሠላሳ ስምንት ዓመታት አማርኛና ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምሩ ቆይተው በ2017 ዓ.ም. ጡረታ የወጡ አንድ መምህር በመጨረሻው የማስተማሪያ ዘመናቸው የገጠማቸው ነገር ለዚህ ምስክር ሊሆን ይችላል።

መምህሩ በልጅነታቸው ከአባታቸው ዘንድ ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ዘመናዊ ትምህርት ቤት የገቡት ዘግይተው ነው። አባትየው በየማለዳው መዝሙረ ዳዊቱን በዜማ ሲደግሙ ሕፃኑ በእንቅልፉ ውስጥ ሆኖ ይሰማ ስለ ነበር፣ ግዕዙን ትርጉሙን ሳያውቅ ቃሉን ያውቀው ነበር። ኋላ በስድስት ኪሎ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በነበሩበት ጊዜ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ተቀምጠው የሚያነቧቸው መጻሕፍት ካናዳዊው ፕሮፌሰር ክላውድ ሰምነር «የኢትዮጵያ ፍልስፍና» በሚል ርእስ እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 1982 በእንግሊዝኛ ያሳተሟቸው አምስት ቅጾች ነበሩ። የመጀመሪያው ቅጽ ስለ መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን ነው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ስለ ዘርዓ ያዕቆብና ስለ ደቀ መዝሙሩ ስለ ወልደ ሕይወት ሐተታዎች ናቸው፤ አራተኛው ስለ ስክንድስ፣ አምስተኛው ስለ ፊሳልጎስ ነው። ወጣቱ ተማሪ በእነዚህ ገጾች ውስጥ የአባቱን የማለዳ ድምፅ የሰማ መሰለው። ዕውቀት ከባሕር ማዶ ብቻ የሚመጣ ነው እየተባለ ላደገ ልጅ፣ በአክሱም አካባቢ ተወልዶ በዋሻ ውስጥ ስለ ፈጣሪና ስለ ሰው ልጅ እኩልነት የመረመረ አሳቢ አለ መባሉ ቀላል ነገር አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ መምህር በሆኑ ጊዜ፣ ስለ ዘርዓ ያዕቆብ ያላስተማሩበት ዓመት የለም። ታሪኩን አሳምረው ይተርኩት ነበር። ዘርዓ ያዕቆብ በ1599 (እ.ኤ.አ.) ከድኃ ገበሬ ቤት መወለዱን፣ ቅኔና ትርጓሜ ተምሮ አስተማሪ መሆኑን፣ ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት በተቀበሉበት ዘመን ባላንጣው ስላሳጣው ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ብቻ ይዞ መሰደዱን፣ በተከዜ አካባቢ በአንድ ዋሻ ሁለት ዓመት መኖሩን ይተርካሉ። ሱስንዮስ ከሞቱ በኋላ በእንፍራዝ ሀብቱ በተባለ ሰው ቤት መጠጋቱን፣ የቤቱን አገልጋይ ሒሩትን ማግባቱንና ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸው ማለቱን ሲያስረዱ በተለይ ሴቶች ተማሪዎች ቀና ብለው ያዳምጣሉ። የሀብቱ ልጅ ወልደ ሕይወትም የመምህሩን ፈለግ ተከትሎ ስለ ሥራ፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ መልካም ኑሮ የጻፈውን ያክላሉ። ትምህርቱን የሚያጠቃልሉት ግን ሁልጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ኢትዮጵያ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት የራሷ ፈላስፋ ነበራት።

በ2016 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ከትምህርቱ ማብቂያ ላይ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ይህን መጽሐፍ የጻፈው ጣሊያናዊ ነው የሚል ነገር አንብቤአለሁ። እርስዎ ምን ይላሉ?» ስትል ጠየቀች። ክፍሉ ጸጥ አለ። መምህሩ ጥቂት ካሰቡ በኋላ፣ «አንድም የዘርዓ ያዕቆብ ነው፤ አንድም የሌላ ሰው ነው። የእኛ ሊቃውንት አንዱን ቃል በብዙ መንገድ ይፈቱታልና» ብለው መለሱ። ተማሪዎቹ ሣቁ። ልጅቱ ግን አልሣቀችም፤ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

መምህሩ በዚያ ቀን ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ያስጨነቃቸው የልጅቱ ጥያቄ አልነበረም፤ የራሳቸው መልስ ነበር። ምክንያቱም ስለ ክርክሩ ከተማሪነታቸው ዘመን ጀምሮ ያውቁ ነበር። ሰምነር ራሳቸው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቅጽ ስለዚህ ጉዳይ በሰፊው ጽፈዋል፤ ያንን ክፍል መምህሩ አንብበውታል። ነገር ግን በሠላሳ ሰባት ዓመት ውስጥ ለአንድም ክፍል ተማሪ ነግረው አያውቁም። የተማሪውን ኩራት እንዳይነኩ ነው ብለው ራሳቸውን ሲያጽናኑ ኖረዋል። አሁን ጥያቄውን ያቀረበችው ልጅ ግን ከሳቸው የበለጠ ደፋር አንባቢ ሆና ተገኘች።

የክርክሩ ጭብጥ ይህ ነው። የሐተታዎቹ የታወቁት ሁለት ቅጂዎች ወደ ፓሪስ የደረሱት በአንድ ሰው በኩል ነው። ያም ሰው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በኢትዮጵያ የኖረው ጣሊያናዊው የካፑቺን መነኩሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው። የግዕዝ መጻሕፍት ይሰበስብ ለነበረው ለፈረንሳዊው ሊቅ ለአንቷን ዳባዲ ሁለቱን ቅጂዎች አስተላለፈለት፤ እነሱም በዳባዲ ስብስብ ውስጥ በቁጥር 215 እና 234 ተመዝግበው በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ኡርቢኖ ከኢትዮጵያ ከወጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1856 ካርቱም ላይ ሞተ። ሩሲያዊው ቦሪስ ቱራዬቭና ጀርመናዊው ኤኖ ሊትማን እ.ኤ.አ. በ1903 እና በ1904 ጽሑፉን በየፊናቸው ለምሁራን አስተዋወቁ፤ ብዙዎችም በአድናቆት ተቀበሉት። እ.ኤ.አ. በ1920 ግን ጣሊያናዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ሐተታዎቹ የኡርቢኖ ፈጠራ ናቸው ሲል ጻፈ። ጀርመናዊው ኦይገን ሚትቮኽም እ.ኤ.አ. በ1934 ይህንኑ ደገፈ።

ተቃዋሚዎቹ የሚያነሷቸው ነጥቦች በቀላሉ የሚታለፉ አይደሉም። ከኡርቢኖ በፊት ስለ ሐተታዎቹ የሚናገር ምስክር አልተገኘም። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት አንዳንድ አሳቦች በአውሮፓ በኋለኛው ዘመን ከተስፋፉት አሳቦች ጋር ይመሳሰላሉ። የኡርቢኖ የመጀመሪያ ስም ጃኮፖ፣ ማለት ያዕቆብ መሆኑም ጥርጣሬን ያጠናክራል። የሐተታዎቹን ኢትዮጵያዊነት የሚደግፉት በበኩላቸው የሚያቀርቡት ማስረጃ አላቸው። ሰምነር የሁለቱን ጽሑፎች ቋንቋና የአሳብ አካሄድ መርምረው የአንድ ሰው እጅ ሊሆኑ አይችሉም ብለዋል፤ የኡርቢኖ የግዕዝ ዕውቀትም ለዚህ ዓይነቱ ድርሰት አይበቃም ሲሉ ተከራክረዋል። ዓለማየሁ ሞገስም የኢትዮጵያዊነቱን ወገን ይዘው ጽፈዋል። ጌታቸው ኃይሌ በመጀመሪያ ተጠራጣሪ ሆነው ሳለ በኋለኛው ዕድሜያቸው አቋማቸውን ለውጠው የዘርዓ ያዕቆብን ባለቤትነት ደግፈዋል። በአንጻሩ ፈረንሳዊቷ የታሪክ ተመራማሪ አናይስ ቪዮን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጧቸው ጽሑፎች የኡርቢኖን ደብዳቤዎችና የእጅ ጽሑፎቹን መርምረው ሥራው የኡርቢኖ ነው ወደሚለው ድምዳሜ ደርሰዋል።

ልጅቱ በጠየቀች በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ቀድሞ የመምህሩ ተማሪ የነበረችና አሁን በአውሮፓ የምትማር አንዲት ወጣት ሁለት አዳዲስ መጻሕፍት ላከችላቸው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2023 በበርሊን የታተመ የሁለቱ ሐተታዎች አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም ነው፤ ተርጓሚዎቹ ራልፍ ሊ፣ መሐሪ ወርቁና ዌንዲ ቤልቸር ናቸው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2022 በኦክስፎርድ ከተካሄደ ጉባኤ የመነጩ ጥናቶችን የያዘ፣ በ2024 የታተመ መድበል ነው፤ ከአዘጋጆቹ አንዱ የአዲስ አበባው የፍልስፍና ምሁር ፋሲል መራዊ ናቸው። ይህ መድበል የሁለቱንም ወገን ክርክር በአንድ ጥራዝ ማሰባሰቡ መምህሩን አስደነቃቸው። አንባቢው የአንዱን ወገን ጽሑፍ ጨርሶ ተስማምቶ ሳለ፣ ገጹን ሲገልጥ ሌላው ወገን ይጠብቀዋል። መምህሩ በሌሊት በመነጽራቸው ተደግፈው እያነበቡ ሦስት ጊዜ አቋማቸውን እንደ ለወጡ በማስታወሻ ደብተራቸው አስፍረዋል።

በዚህ መካከል ያሳዘናቸው አንድ ነገር ነበር። ክርክሩ ስለ አንድ የግዕዝ ድርሰት ሆኖ ሳለ፣ ክርክሩን በሙላት ለመከታተል የሚያስፈልገው እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛና ጣሊያንኛ ነው። ዘመንፈስ ቅዱስ አብርሃ ሐተታዎቹን ቀደም ብለው ወደ አማርኛ መልሰዋቸዋል፤ ስለ ባለቤትነቱ የሚደረገውን ሙግት ግን የክፍለ ሀገሩ ተማሪ በገዛ ቋንቋው መዝኖ የሚፈርድበት ዝግጁ ጽሑፍ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አልነበረም። ስለዚህም ተማሪው የሚደርሰው ወይ ኩራቱ ብቻ ነው፣ ወይም ጥርጣሬው ብቻ። ልጅቱም ያገኘችው ሁለተኛውን ነበር።

መምህሩ መጽሐፉን ይዘው በከተማይቱ ዳርቻ ወደሚኖሩ አንድ የቅኔ መምህር ዘንድ ሄዱ። የኔታ ዓይናቸው ስለ ደከመ፣ መምህሩ የግዕዙን ጽሑፍ ከሁለቱም ሐተታዎች እየመረጡ አነበቡላቸው። የኔታ ረጅም ጊዜ ካዳመጡ በኋላ እንዲህ አሉ፤

«የመጀመሪያው ዳዊት በቃሉ የወጣለት ሰው ነው፤ ሲያዝንም ሲቆጣም ቃሉ ከዳዊት አይርቅም። ሁለተኛው ግን ልጆች ሰብስቦ የሚመክር ነው። የሁለት ሰው ድምፅ ይመስለኛል።»

«እንግዲያው የኔታ፣ ፈረንጅ አልጻፈውም ማለትዎ ነው?»

«እንዲያ አላልሁም፣ ልጄ። ያ ሰው የት ነበር የተቀመጠው ያልኸኝ?»

«ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ነው ይላሉ።»

«ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት። እዚያ የተቀመጠ ሰው ሊቅ አይጎድልበትም፤ የሚጽፍለትም፣ የሚያርምለትም አያጣም። ጆሮዬ የነገረኝን ነገርሁህ፤ ጆሮ ግን ብቻውን ዳኛ አይሆንም።»

መምህሩም በክፍል ውስጥ የሰጡትን መልስ፣ አንድምታውን ጠቅሰው መናገራቸውን ገለጹላቸው። የኔታ ፊታቸውን ቅጭም አደረጉ። «አንድም የምንለው ምሥጢር ሲሰፋ ነው፤ ምስክር ሲጠፋ አይደለም። አንድ ቃል አራት ትርጓሜ ሊኖረው ይችላል፤ አራቱም ይቆማሉ። አንድን መጽሐፍ ግን ወይ ይህ ሰው ጽፎታል፣ ወይ አልጻፈውም። ስላላወቅህ አላውቅም ማለት ነውር አይደለም። አላውቅምን በአንድም መሸፈን ግን ለጉባኤው ስድብ ነው» አሏቸው።

ይህ ተግሣጽ የመምህሩን የኋላ ንባብ ሁሉ የመራ ሆነ። የሌሎቹንም ዘርፎች መጻሕፍት ከመደርደሪያቸው እያወረዱ በዚያው ጥያቄ ይመረምሯቸው ጀመር። ከፍልስፍናው መደርደሪያ በመጀመሪያ ያወረዱት መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባንን ነው። ይህ መጽሐፍ በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ አባ ሚካኤል በተባሉ ሰው ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰ፣ የሶቅራጥስን፣ የአፍላጦንንና የሌሎችን ጠቢባን አባባል የያዘ ነው። ምንጩ ግሪክ ነው፤ መንገዱ ዐረብኛ ነው፤ ማረፊያው ግዕዝ ነው። ሰምነር እንዳስረዱት የኢትዮጵያ ተርጓሚ ቃል በቃል አይገለብጥም፤ ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ ለራሱ ሕይወት እንዲስማማ አድርጎ ያቀርባል። ስለዚህም በመምህሩ አስተያየት መጽሐፉ በትውልድ የውጭ፣ በአስተዳደግ የአገር ልጅ ነው። እዚህ ላይ ምንም ማፈር የለም፤ ምክንያቱም መጽሐፉ ከየት እንደ መጣ አይደብቅም።

ቴአትርም ከዚሁ አይለይም። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሩሲያ ተምረው ከተመለሱ በኋላ የደረሱት «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮመዲያ» የዘመናዊው የኢትዮጵያ ቴአትር መጀመሪያ ተብሎ ይቆጠራል። ቅርፁን ከአውሮፓ፣ እንስሳቱን ከተረቶች ወሰዱት፤ የሚተቹት ግን የገዛ አገራቸውን አስተዳደር ስለ ነበር በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተከለከለ። ባዕድ ቢሆን ኖሮ ማን ይቆጣ ነበር? የተቆጡት ሰዎች ሥራው የማን እንደ ሆነ ከማንም ቀድመው መስክረዋል። ከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ዡልየት»ን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ሐምሌት»ንና «ኦቴሎ»ን ወደ አማርኛ ሲመልሱም፣ በመድረኩ ላይ የሚሰማው የዴንማርክ ወይም የቬኒስ ሰው ብቻ አልነበረም። ጸጋዬ የአማርኛን ስንኝ አስፍቶ፣ ከባድ ቃላትን ከግዕዝ አምጥቶ፣ ለተዋናዩ አዲስ አንደበት ሰጠው። መንግሥቱ ለማ ደግሞ በ«ጠልፎ በኪሴ»ና በ«ያላቻ ጋብቻ» የአስቂኝ ቴአትርን የእንግሊዝ ትምህርት ከሀገር ቤት ወግ ጋር አዋሐደው። ይኸው ደራሲ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ከአንደበታቸው ቀድተው በመጽሐፍ ማውጣታቸውን የሚያስታውስ፣ የቃለ ምልልሳቸው ጣዕም ከወዴት እንደ ተቀዳ ይገባዋል።

በሥነ ግጥም በኩል ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል። ሰሎሞን ዴሬሳ በ1963 ዓ.ም. «ልጅነት»ን ሲያሳትሙ፣ የግጥሞቹ አሰነኛኘትና አቀማመጥ ከተለመደው የቤት አመታት በመራቁ ብዙ አከራከረ። «ይህ የአማርኛ ግጥም ነውን?» የሚለው ሙግት በመሠረቱ «የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ሌላ ፊት ነበር። ሠዓሊና ባለቅኔ ገብረ ክርስቶስ ደስታ በጀርመን ሥዕል ተምረው ተመልሰው፣ በመጨረሻም በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1981 በስደት አረፉ፤ ግጥሞቻቸው «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» በሚል ርእስ በመጽሐፍ ተሰብስበው የታተሙት ከሞቱ በኋላ ነው። አንባቢው መጽሐፉን በእጁ ሲይዝ ደራሲው የለም። ሆኖም ግጥሞቹ የማን ናቸው ብሎ የሚጠይቅ አልተነሣም፤ በሕይወት ሳሉ ሲያነቧቸው የሰሙ፣ በጽሑፍ ያዩ ወዳጆችና ተማሪዎች ነበሩና። እዚህ ላይ መምህሩ ከዘርዓ ያዕቆብ ጋር ያለውን ልዩነት አስተዋሉ፤ የአንድ ሥራ ባለቤትነት የሚጸናው በይዘቱ ውበት ሳይሆን በምስክሮች ሰንሰለት ነው። የሐተታዎቹ ሰንሰለት የሚጀምረው ከኡርቢኖ ስለ ሆነ፣ ከእሱ ወደ ኋላ ያለው መንገድ ጨለማ ነው።

ሒስም ይህንኑ ለመመርመር የተበጀ መሣሪያ ነው። ደበበ ሰይፉ «የቴአትር ጥበብ ከጸሐፌ ተውኔቱ አንጻር»ን፣ ዘሪሁን አስፋው «የሥነ ጽሑፍ መሠረታውያን»ን፣ ብርሃኑ ገበየሁ «የአማርኛ ሥነ ግጥም»ን ለአንባቢ ሲያበረክቱ፣ የአማርኛ ሒስ ከማሞገስና ከመንቀፍ ወጥቶ በማስረጃ ወደ መመርመር እንዲሻገር መንገድ ጠርገዋል። መምህሩ እነዚህን መጻሕፍት ለብዙ ዓመታት ለልቦለድና ለግጥም ትንተና ሲጠቀሙባቸው ኖረዋል። ለዘርዓ ያዕቆብ ግን ተጠቅመውባቸው አያውቁም ነበር። ለግጥሙ ኀያሲ፣ ለፍልስፍናው ግን አወዳሽ ሆነው መኖራቸውን የተረዱት አሁን ነው።

በዚህ ጊዜ ሁለት ፈተናዎች ፊት ለፊታቸው ቆሙ። የመጀመሪያው፣ «አሳቡ ትልቅ ከሆነ ማን ቢጽፈው ምን አገባን?» የሚለው ነው። ይህ ሰፊ ልብ ያለው መልስ ይመስላል፤ ነገር ግን ከጥያቄው መሸሽ ነው። ዘርዓ ያዕቆብ የሚናገረው በረቂቅ አሳብ ብቻ አይደለም፤ ተሰደድሁ፣ በዋሻ ኖርሁ፣ ሒሩትን አገባሁ እያለ ስለ ሕይወቱ ይመሰክራል። ያ ሕይወት ካልነበረ መጽሐፉ የአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ልቦለድ ይሆናል። ልቦለድ መሆኑ ዋጋ አያሳጣውም፤ የኢትዮጵያ የአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት የአሳብ ታሪክ ግን ሌላ ይሆናል። ሁለተኛው ፈተና ከዚህ የከፋ ነው። ኮንቲ ሮሲኒ ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረችበት በ1935 (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያ ለሥልጣኔ ዕድገት ብቁ አይደለችም የሚል ጽሑፍ አውጥቷል። ይህን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ «እንግዲያው ስለ ሐተታዎቹም የተናገረው ከንቀቱ የመነጨ ነው» ብሎ መዝገቡን ሊዘጋ ይችላል። መምህሩም ለብዙ ዓመታት በልባቸው እንዲህ ሲሉ ኖረዋል። አሁን ግን ንቀቱ ምክንያቱን ያስረዳ ይሆናል እንጂ ማስረጃውን አያፈርስም ሲሉ በደብተራቸው ጻፉ፤ የክፉ ሰው ምስክርነትም መመርመር አለበት። እንደዚሁም ኢትዮጵያዊ ይህን ሊያስብ አይችልም ብሎ የሚነሣ ማንም ተመራማሪ ጥናቱን ከመጀመሩ በፊት ፈርዷል።

በ2017 ዓ.ም. የመጨረሻው መንፈቅ ዓመት፣ መምህሩ ያቺን ልጅ ጨምሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን በሦስት ቡድን መደቡ። አንደኛው ቡድን ሐተታዎቹ የኢትዮጵያዊ ናቸው ብሎ እንዲከራከር፣ ሁለተኛው የኡርቢኖ ናቸው ብሎ እንዲከራከር፣ ሦስተኛው የሁለቱን ማስረጃ እንዲመዝን አደረጉ። ከአዳዲሶቹ መጻሕፍት ዋና ዋናዎቹን ነጥቦች ራሳቸው በአማርኛ ጽፈው፣ በትምህርት ቤቱ ማባዣ አባዝተው አደሏቸው። ከማከፋፈላቸው በፊት ግን አንድ ነገር ተናገሩ። «ይህን ክርክር ከተማሪነቴ ጀምሮ አውቀው ነበር። ከናንተ በፊት ላስተማርኋቸው ሁሉ ደብቄአቸዋለሁ። ባለፈው ዓመት ለተጠየቅሁት ጥያቄም የሰጠሁት መልስ መልስ አልነበረም።» ከሣቅ ይልቅ ዝምታ ሆነ።

ክርክሩ ሁለት ሳምንት ፈጀ። የመጀመሪያው ቡድን በዳዊት ንባብ ላይ ተመርኩዞ ብርቱ ነጥብ አነሣ፤ ከመካከላቸው አንዱ የዲያቆን ልጅ ስለ ነበር የሐተታውን ቃል ከመዝሙሩ ቃል ጋር አነጻጽሮ በሰሌዳ ላይ አሳየ። ሁለተኛው ቡድን ደግሞ ከኡርቢኖ በፊት የተጻፈ አንድ ቅጂ፣ ወይም አንድ ማጣቀሻ አምጡ እያለ ያፋጥጣቸው ነበር። ጥያቄ ጠያቂዋ ልጅ በሦስተኛው ቡድን ውስጥ ነበረች። በመጨረሻ ቆማ ያቀረበችው ፍርድ አጭር ነበር፤ ማስረጃው ለአንዱም ወገን ሙሉ በሙሉ አይበቃም፤ የሚበቃ ማስረጃ ሊገኝ የሚችለው ግን በገዳማትና በአድባራት ያሉ መጻሕፍት በሚገባ ሲመዘገቡና ግዕዝ የሚያነቡ ተመራማሪዎች ሲበዙ ነው። ከዚያም ወደ መምህሩ ዞር ብላ፣ «ግዕዝ የሚያስተምሩኝ ከሆነ እኔ እጀምራለሁ» አለች።

መምህሩ ጡረታ የወጡት በዚያው ክረምት ነው። ለተተኪው ወጣት መምህር የማስተማሪያ ደብተራቸውን ሲያስረክቡ፣ ስለ ዘርዓ ያዕቆብ የሚናገረው ገጽ ላይ የነበረውን የማጠቃለያ ዓረፍተ ነገር በቀይ ቀለም ሰርዘው ነበር። በቦታው የጻፉት ሦስት መስመር ነው። በመጀመሪያው መስመር ጽሑፉ ምን እንደሚል፣ በሁለተኛው ስለ ጸሐፊው ምን እንደሚታወቅ፣ በሦስተኛው ምን እንደማይታወቅ ለተማሪው ይነገረው የሚል ነው። ወጣቱ መምህር ሦስተኛውን መስመር አንብቦ፣ «ይህ ተማሪዎቹን ተስፋ አያስቆርጣቸውም?» ሲል ጠየቃቸው። እሳቸውም ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ በቤታቸው ግዕዝ የሚማሩ አምስት ተማሪዎች እንዳሉ ነግረውት፣ ከፈለገ እሱም መጥቶ እንዲቀመጥ ጋበዙት።